የመዘምራኑ አትክልት

ጥቅምት 14

ማሙሽዬ፣

ይህን ከአንተ በፊት ለሚያነቡት ለደብዳቤ ከፋቾቹ የከበረ ሰላምታ አቅርቤ ወደ አንተ እመጣለሁ። እንዴት ነህ? የተሰበረው ትከሻህ ብርድ ሲነካው አሁንም ያምሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ስፌቱም አለ፣ ጉልበቴም እንደ ነገሩ ነው። ስለዘገየሁ አትቀየመኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ቀደድኩት። የጠየቅኸኝን ትቼ ስለ አየሩ ብቻ መጻፍ አስጠላኝ።

እሺ፣ ልመልስልህ። የሰማኸው እውነት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የተሰባበሩ አግዳሚ ወንበሮች ይከመሩበት የነበረውን ቦታ አጽድተን ለመዘምራኑ መታሰቢያ አትክልት አድርገነዋል። መሬቱ ጠጠር ነው፤ በዶማ ሲመቱት እሳት ይተፋል። አፈር በመኪና አስመጥተን፣ ፍግ ደባልቀንበት፣ በአውቶቡሱ አደጋ ለሞቱት ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መደብ አወጣንላቸው። ሥርዓቱን የደነገገችው የመንታዎቹ እናት ናት። «ሁሉም የራሱን ይተክላል፣ የራሱን ያጠጣል፣ የሌላውን ማንም አይነካም» አለች። ቄሱ ይህ የፍቅር ሥራ አይደለም ሊሉ ሞክረው ነበር፤ ዐይኗን ስታፈጥባቸው ተዉት። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ባልዲውን ይዞ ወደ መደቡ ይሄዳል። ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ያጠጣሉ። ጎረቤቱ ሲደርቅ ያየ ሰው እንኳ አንዲት ጠብታ አያፈስለትም።

ቁልፉ እኔ ጋ ነው። መተላለፊያውን እጠርጋለሁ፣ የውሃውን ጎማ እዘረጋለሁ። የአንተ እህት መሆኔን ሁሉም ያውቃል። የድምቡሼ እናት መሆኔንም ያውቃሉ። የትኛዋን አስበው ሰላም እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ብቻ ሰላም ይሉኛል።

በድምቡሼ መደብ ላይ ምን ተተከለ ብለሃል። እስካሁን ምንም። እኮተኩተዋለሁ፣ አጠጣዋለሁ፣ ከዚያ ቆሜ አየዋለሁ።

ሌላው ጥያቄህ፣ ስሜ ይነሳል ወይ ያልከው፣ አይነሳም ማሙሽ። «ሾፌሩ» ነው የሚሉህ። እንዲያ ሲሉ እኔ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል ጎንበስ እላለሁ። ሳሙናውና ካልሲው ደርሶህ እንደሆነ ጻፍልኝ።

እህትህ

ኅዳር 20

እትዬ፣

ሰላምታሽን ለደብዳቤ ከፋቾቹ አድርሻለሁ። አንደኛው «እህትህ እንዴት ያለች ጨዋ ናት! አንተ ወደ ማን ወጥተህ ነው?» ብሎኛል። ካልሲው ደርሶኛል። አንዱን እግር ለጎረቤቴ ሰጥቼው አንድ አንድ እግር ይዘን እንስቃለን፤ አትቆጪ፣ እሱ የሚልክለት የለውም።

እዚህ ስሜ ፍሬን ነው። ሲያወጡልኝ ለመቀለድ ነበር፤ አሁን እኔም እሱም ተላምደናል። ከአናጢ ቤት ወደ ችግኝ ጣቢያው ካዛወሩኝ ወዲህ ትንሽ ሰው ሆኛለሁ። ጠዋት ስገባ እርጥብ አፈር ይሸተኛል፤ ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለሁ እረሳለሁ። ከዚያ ትዝ ይለኛል።

ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልጠየቅሽኝም። ችሎት ላይ ያልኩትን ሰምተሻል፤ ከዚያ የምጨምረው የለኝም። ከዘመሩበት ከተማ ስንመለስ ሁሉም ደክሟቸው ተኝተው ነበር። እኔም ዐይኔን ከደንኩ። ስከፍተው መንገዱ አልነበረም።

አሁን የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ጽጌረዳ ከቁራጭ አርብቼ ደርሶልኛል። ለእያንዳንዱ መደብ አንድ አንድ ይበቃል። አለቃዬ ፈቅደዋል፤ ችግኝ ወደ እናንተ ከተማ የሚያመላልሰው መኪና ይጭንልኛል። ከእኔ ነው አትበይ። ጣቢያው የላከው ነው በያቸው፣ ውሸት አይሆንብሽም።

ሁለተኛው ይከብዳል። ስፈታ እዚያ አትክልት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ገብቼ አንድ መደብ ልኮትኩት። የማንም ይሁን። ቢሰድቡኝም እሺ። አንቺ ሰዎቹን ጠይቂልኝ። ከዚህ ስወጣ ከአንቺ በር ሌላ የማውቀው በር የለም፤ ወደ አንቺ መጥቼ እነዚያን ሰዎች በየመንገዱ እየሸሸሁ መኖር ደግሞ አልችልም። ደጃቸውን ረግጬ «ይኸው፣ መጣሁ» ካላልኩ በሕይወት መቆየቴ ምንም ትርጉም አይሰጠኝም።

ወንድምሽ

ጥር 9

ማሙሽዬ፣

ሁለቱንም ደብዳቤህን አንድ ላይ ነው የምመልሰው፤ የደንበኛ ልብስ ተደርቦብኝ ነበርና ይቅርታ።

አዎ፣ ደርሰዋል። አንድም አልተሰበረም። እያንዳንዱን ከየካስማው ጋር አስረህ መላክህን የመኪናው ሰውዬ ራሱ አድንቆልሃል። ከየት ነው ሲሉኝ ከችግኝ ጣቢያ አልኩ፤ ማንም አልመረመረኝም። በየተራ እየመጡ የየራሳቸውን ወሰዱ፣ በየእጃቸው ተከሉ። የመንታዎቹ እናት ሁለት ወሰደች። ቅጠሉን በጣቷ ደባብሳ «ያሳደገው እጁ ይባረክ» አለች። እኔ መጥረጊያዬን አነሳሁ።

ለድምቡሼም ተከልኩላት። ስተክለው ያሰብኩትን እንድጽፍልህ ጠይቀሃል። ምንም አላሰብኩም፤ ጉድጓዱ ጠበብ ብሎብኝ ነበር፣ እሱን ነው ያሰብኩት።

ስለ ሁለተኛው ነገር ጊዜው ገና ነው። አትቸኩልብኝ።

እህትህ

የካቲት 16

እትዬ፣

«እጁ ይባረክ» ያለችው ለእኔ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። የሌላ ሰው ምርቃት ሰርቄ እየዞርኩ ነው። እስር ቤት ያለ ሰው ሌብነት ቢጨምር ምን ይገርማል?

ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ስለ ጠባዬ ተብሎ ጊዜ ተቀንሶልኛል፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ እፈታለሁ። አለቃዬ ሲነግሩኝ ችግኝ እያጠጣሁ ነበር፤ ውሃው ጫማዬን እስኪሞላ አልታወቀኝም።

ገመዱን አትፍቱት፤ ግንዱ እስኪጠነክር ይቆይ። አጥብቄ ነው ያሰርኩት፣ ነፋስ አያስጥለውም። ሰዎቹን ግን ጠየቅሽልኝ?

ወንድምሽ

ግንቦት 2

ማሙሽዬ፣

ይቅር በለኝ። ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል፤ አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ነበር የማስቀምጣቸው። በመጨረሻው ታምማ ይሆን ወይ ብለህ ጨንቆሃል። አልታመምኩም። ችግኞቹ ምን ሆኑ ብለሃልና ከዚህ በላይ ማለባበስ አልችልም።

ረዳትህ፣ ያን ቀን ከአንተ ጋር የነበረው፣ እሑድ እሑድ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ በክራንች ነው የሚሄደው። መደብ የለውም፤ ከግንቡ ሥር ተቀምጦ ያያል። ማንም ና አይለውም፣ ማንም ሂድ አይለውም። አንድ እሑድ የመንታዎቹ እናት ገመዱ ግንዱን አነቀው ብላ ልትፈታው ብትታገል አቃታት። እሱ ከተቀመጠበት «ቆይ እናቴ፣ እሱ እንዲህ አይፈታም» ብሎ መጣ፣ ክራንቹን ጥሎ ተንበረከከ። አንዴ ሳብ፣ አንዴ ለቀቅ ሲያደርገው ገመዱ እንዳለ ተዘረገፈ። ፊቱ ፈካ። ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። «ይቺ የፖርቶመጋላ ቋጠሮ ናት!» አለ። «አውቶቡስ ጣራ ላይ ሻንጣ የምናስርባት። ለእኔ ያሳየኝ እሱ ነው። ከእሱ በቀር እንዲህ ወደ ግራ ጠምዝዞ የሚጨርስ የለም።»

ክፋት አልነበረበትም ማሙሽ። ምን እንደተናገረ የገባው ከተናገረ በኋላ ነው።

«ማን እሱ?» አለችው። እያወቀች።

እሱ ክራንቹን ፍለጋ መሬቱን ዳበሰ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ክር እንጂ ገመድ አላውቅም። ባውቅ ኖሮ ገና ከመኪናው ሳወርደው እፈታው ነበር። አንተስ እንዴት አላሰብክም?

በባዶ እጇ ነው የነቀለችው። ሁለቱንም። እሾሁ እጇን ደም በደም አደረገው። ቀጥሎ ሌሎቹ ጀመሩ። ጩኸት የለም፣ ለቅሶ የለም፤ የሚሰማው ሥር ሲበጠስ ብቻ ነበር። ቄሱ «ልጆቼ፣ ልጆቼ» ከማለት በቀር ምንም ማድረግ አልቻሉም። እኔ የውሃውን ጎማ እንደያዝኩ ተገትሬ ቀረሁ፣ መተላለፊያው ጭቃ ሆነ። ስትጨርስ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «አንቺም እናት ሆነሽ!» ብላኝ ሄደች።

የነቀሉትን ከግንቡ ሥር ከመሩት። የድምቡሼን አልነኩትም፤ የእኔ ነዋ፣ ሥርዓቱ አይፈቅድም። ቁልፉን በማግስቱ ለቄሱ መለስኩ።

ይህን የጻፍኩት ልወቅስህ አይደለም።

እህትህ

ግንቦት 25

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ይዤ ከችግኞቹ መሃል ተቀመጥኩ። አለቃዬ አይተውኝ አለፉ።

እንዴት አላሰብክም ላልሽው፣ አላሰብኩም። ለረጅም ዘመን ሻንጣ ሳስር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ገመድ ስይዝ እጄ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። እጄን ማመን ነው እኮ ያጠፋኝ። መንገዱን እጄ ያውቀዋል ብዬ ነው ደክሞኝ እያለ መሪ የጨበጥኩት።

ቁልፉን በእኔ ምክንያት ስለመለስሽ ይቅር በይኝ። በእህትነትሽ ስለሚያዩሽ ዐይን ይቅር በይኝ። ረዳቴን አትቆጡብኝ፤ ያንን ቋጠሮ ሲፈታ ፊቱ እንዴት እንደፈካ እዚህ ሆኜ ይታየኛል።

እሺ፣ አትክልቱ ውስጥ መግባቱ ይቅር። ከአጥሩ ውጭ ልቁም። ቄሱን አንዴ ብቻ ጠይቂልኝ። ደግሞ እትዬ፣ ወደ ቤትሽ ስለመምጣቴ በጻፍኩ ቁጥር አንቺ ስለ ሌላ ነገር ነው የምትመልሺልኝ። መኝታው ጠቦብሽ ከሆነ ከስፌት መኪናው ሥር እተኛለሁ። እናትና አባታችን ሲሞቱ እዚያው ሥር አይደል ያሳደግሽኝ? እኔ ሌላ ሰው የለኝም። አንቺም ካለእኔ ማንም የለሽም።

የድምቡሼ ግን አለ ብለሻል። እሱን ብቻ ንገሪኝ። እንቡጥ ይዟል?

ወንድምሽ

ሐምሌ 11

ማሙሽዬ፣

ዝናቡ አያድርስ ነው። ጣራው ከበሩ በላይ ማፍሰስ ጀምሯል፤ ባልዲ ደቅኜ ነው የምሰፋው። የሱፍ ኮፍያ ሠርቼልሃለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። ጆሮህን ሸፍን።

ቁልፉን መልሰው ሰጥተውኛል። ከእኔ ሌላ መተላለፊያውን በየቀኑ የሚጠርግ አላገኙም መሰል።

ስለጠየቅከው ነገር ሰዎቹ ገና አልወሰኑም። ቁስላቸው አልደረቀም። እኔ ምን ላድርግ? በግድ እሺ በሉ አልላቸው ነገር። ቄሱም ቢሆኑ ታውቃቸዋለህ፣ ነገር ሲጠና ጉንፋን ይይዛቸዋል። ታገስ።

ስለ እንቡጡ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። የሙሽራ ልብስ ይዘው የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ፣ ለዛሬ ይብቃኝ።

እህትህ

ነሐሴ 8

እትዬ፣

ኮፍያው ልክ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ረዳቴ መጥቶ ጠየቀኝ። በዚያ እግሩ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ፤ «አውቶቡስ ላይ ስወጣ ዐይኔን ጨፍኜ ነው» አለኝ። ሽቦ መሃላችን ነበር። መጀመሪያ ሁለታችንም አለቀስን፣ ቀጥሎ አፍረን ስለ ሞተር ዘይት አወራን።

ከዚያ የእናንተን ወሬ ነገረኝ። ከግንቡ ሥር የተከመሩት ጽጌረዳዎች ዝናብ ሲያገኙ ከክምሩ ውስጥ አቆጠቆጡ አለኝ። የመንታዎቹ እናት አይታ ብዙ ቆመች። «እሱ በደለ፤ ይሄ ቅጠል ምን አደረገ?» ብላ ሁለት አንስታ መልሳ ተከለች። ሌሎቹም ተከተሏት። የየራሳቸውን መለየት ስላቃታቸው የደረሳቸውን አንስተው ተከሉ፤ አሁን የማን የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም የሁሉንም ያጠጣል አለኝ።

ሰኔ ላይ ደግሞ ቄሱ ዘንድ ተሰብስበው ስለ እኔ ተነጋገሩ። ይምጣ አሉ። በሥራ ቀን፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይምጣ፣ ይኮትኩት። የመጨረሻውን ቃል ግን ለአንቺ ሰጡ። «ልጇንም ያጣች፣ የእሱም እህት የሆነች እሷ ናት። እሷ አጠገቡ መቆም ከቻለች እኛም እንችላለን» አሉ። ይህን ያለችው የመንታዎቹ እናት ናት።

ረዳቴ «አልነገረችህም እንዴ?» አለኝ። «ነግራኛለች እንጂ» አልኩት። እንዳታፍሪ ብዬ ዋሸሁ።

እትዬ፣ ሰዎቹ አልወሰኑም ብለሽ የጻፍሽልኝ ሐምሌ ላይ ነው። አልወቅስሽም። በአንቺ ላይ አፌን የምከፍትበት ምን ፊት አለኝ? ብቻ ንገሪኝ። መስከረም ሲገባ በሩ ይከፈትልኛል። ወዴት ልሂድ?

ወንድምሽ

ነሐሴ 27

ማሙሽዬ፣

ረዳትህ የነገረህ ሁሉ እውነት ነው። እነሱ እሺ ብለዋል። እሺ ያላልኩት እኔ ነኝ። ቄሱ እሑድ እሑድ በዐይናቸው ይጠይቁኛል፣ እኔ ጎማውን እጠቀልላለሁ።

ስለ ዋሸሁህ ይቅር በለኝ። በእነሱ ማሳበብ ቀለለኝ።

እነሱ ጠሉህ። ሰደቡህ፣ ረገሙህ፣ የነካኸውን ሁሉ ነቀሉ። ከዚያ ወጣላቸው። እኔ አንድም ቀን ሰድቤህ አላውቅም። ልጄን ቀብሬ ሳምንት ሳይሞላ ሆስፒታል ድረስ ንጹሕ ሸሚዝ ይዤልህ መጣሁ። ሰዉ «እንዴት ያለ አንጀት አላት!» አለ። አንጀት አልነበረም። አንተን ከጠላሁ ማን ይቀረኛል ብዬ ፈርቼ ነው። የፈራሁት ሁሉ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ስለ እንቡጡ ጠይቀሃል። ይዞ ነበር። ሰዎቹ ቃሉን ለእኔ በሰጡ ሰሞን፣ እስቲ እችል እንደሆነ ልየው ብዬ ብቻዬን ወደ አትክልቱ ገባሁ። እንቡጡ ሊፈነዳ ነው፣ ቀይ ጫፉ ብቅ ብሏል። ያምር ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን መሪ የያዘው እጅህ መጣብኝ። ድምቡሼ ከኋላህ ተቀምጣ፣ አንገትህን ነካ እያደረገች «አጎቴ፣ ካሴቱን ቀንስልኝ፣ ልተኛ ነው» ስትልህ ሰማኋት። በእርግጥ ብላህ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ሰማኋት። ሳላስበው ግንዱን ጨብጬ ሳብኩት። ሥሩ ጠልቆ ስለነበር ታገለኝ። ከግንቡ ሥር አልጣልኩትም፤ እንዳያቆጠቁጥ ቤት ወስጄ አቃጠልኩት። ዛሬ የሁሉም መደብ ሲያብብ የእሷ ብቻ ባዶ ነው። የመንታዎቹ እናት ሁለት ጊዜ ከራሷ ቅርንጫፍ ቆርጣ አመጣችልኝ። አልተቀበልኳትም። እሷ ይቅር ስትል እኔ መጥፎዋ ሆኜ ቀረሁ።

ቄሱን ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ከእንግዲህ በማንም አላሳብብም። ከረዳትህ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ታላቅ ወንድሙ ራቅ ያለ ከተማ ጋራዥ አለው። ማደሪያ ይሰጡሃል፣ ሥራው ዕቃ ማጠብ ነው፣ መኪና አትነዳም። ሂድ፣ እዚያ ሁን።

እዚህ አትምጣ። ወደ አትክልቱም፣ ወደ ቤቴም። አዝዬ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ፤ ይህን ስጽፍ ጀርባዬ ላይ ክብደትህ ይሰማኛል። ተርበህ፣ ታርዘህ ብሰማ አብሬህ እራባለሁ። ግን በሩ ተንኳኩቶ ስከፍት አንተ ቆመህ ባይህ፣ ዐይኔ በትከሻህ አልፎ ከኋላህ ነው የሚፈልገው። ያን ጠዋት ቦርሳዋን አሸክሜ ከአንተ ጋር ነው የላክኋት። ብቻህን ስትመለስ ማየት አልችልም።

ጻፍልኝ። እመልስልሃለሁ።

እህትህ